ጉልበቱ የማያኮራው ልጅ፦ «ሞብ ሳይኮ 100»ን ለምን እንድታነቡትና እንድትመለከቱት እመክራለሁ

ጥቁር ቀለም

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ባለፉት ሳምንታት «ጁጁትሱ ካይሰንን ጨርሻለሁ፤ መንፈስና ፍልሚያ ያለበት ሌላ ሥራ ጠቁሙኝ» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ሲቀርብ፣ መልሱም ሁልጊዜ እነዚያው አራት አምስት ስሞች ሲሆኑ አይቼ፣ እዚህ ስሙ እምብዛም የማይነሣውን ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) «ሞብ ሳይኮ 100»ን በሰፊው ላስተዋውቃችሁ ተነሣሁ። የታሪኩን ቋጠሮዎች አልፈታባችሁም፤ ስለ ምን እንደሆነና ከሌሎቹ በምን እንደሚለይ ብቻ እጽፋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማንጋውን የጻፈውም የሣለውም «ዋን» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ጃፓናዊ ነው፤ «ዋን ፓንች ማን»ን የፈጠረው ያው ሰው። ሾጋኩካን የተባለው አሳታሚ በሚያስተዳድረው «ኡራ ሰንዴይ» ድረ ገጽ ላይ ከኤፕሪል 2012 እስከ ዲሴምበር 2017 በተከታታይ ወጥቶ በ16 ቅጽ ተጠናቅቋል። 62ኛውን የሾጋኩካን ማንጋ ሽልማት በወጣት ወንዶች ዘርፍ ወስዷል። ያለቀ ሥራ መሆኑን ማስታወሱ አይከፋም፤ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ እየጠበቀ የተቃጠለ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ሺጌዎ ካጌያማ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ፀጉሩ ሳሕን ደፍተው የቆረጡት የሚመስል፣ ንግግሩ ቀስ ያለ፣ በሩጫም በትምህርትም ከኋላ የሚቀር ልጅ። ጓደኞቹ «ሞብ» ይሉታል። ቃሉ በጃፓን የማንጋና የአኒሜ (የካርቱን ፊልም) ቋንቋ ከዋናው ሰው ጀርባ የሚቆሙትን፣ ስም እንኳ የሌላቸውን ሰዎች የሚያመለክት ሲሆን፣ በእኛ የቴአትር ቤት ቋንቋ «አዳማቂ» የምንላቸው ማለት ነው። ይህ አዳማቂ ልጅ ታዲያ ከተወለደ ጀምሮ ዕቃ ሳይነካ ያንቀሳቅሳል፤ መናፍስትን ያያል፤ ከፈለገም ይበትናቸዋል። በታሪኩ ዓለም ውስጥ የሚስተካከለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ስሜቱን ግን አፍኖ ነው የሚኖረው። ልጅ ሳለ ኃይሉ አንድ ጊዜ ከቁጥጥሩ ወጥቶ የሚወደውን ሰው ስለጎዳበት፣ ከዚያ ወዲህ የተሰማውን ሁሉ ወደ ውስጥ መዋጥ ለምዷል። እኛ «ሆድ ይፍጀው» ብለን የምንተወውን ነገር ደራሲው በቁጥር ይለካዋል፦ ሞብ ሲሰደብ፣ ሲያፍር፣ ሲያዝን በገጹ ላይ መቶኛ ይወጣል፤ 27፣ 54፣ 81 እያለ ይጨምራል። 100 ሲደርስ የታፈነው ይፈነዳል። የሚፈነዳው ደግሞ ቁጣ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ሐዘን፣ አንዳንዴም ምስጋና ይሆናል። የርእሱ «100» ከዚህ የመጣ ነው። በሌሎች ሥራዎች ጀግናው ኃይሉ የሚነቃበትን ቅጽበት በጉጉት እንጠብቃለን፤ እዚህ ቁጥሩ ሲወጣ ሰውነታችን ይሸማቀቃል፤ ምክንያቱም ልጁ ራሱ እንዲደርስ አይፈልግም።

ከሞብ ጎን የቆመው ሬይገን አራታካ የ28 ዓመት ሰው ነው። «የመናፍስትና መሰል ጉዳዮች ማማከሪያ» የሚል ቢሮ ከፍቶ መንፈስ አስወግዳለሁ ይላል፤ ኃይል የሚባል ነገር ግን በፍጹም የለውም። አስቸጋሪ ደንበኛ ሲመጣ ሞብን በስልክ ይጠራዋል፤ የሚከፍለውም በሰዓት 300 የን ነው። አጭበርባሪ መሆኑን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ እናውቃለን። እንዲህም ሆኖ በሥራው ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ለልጁ ትክክለኛውን ምክር የሰጠው እሱ ነው። ሞብ ትንሽ ልጅ ሳለ ኃይሉ አስጨንቆት ወደ ቢሮው ሲመጣ፣ ያለህ ነገር ሌላው ሰው ፈጣን ሯጭ ወይም ጎበዝ ተማሪ ወይም ሰውነቱ የሚሸት ከመሆኑ አይለይም፤ ከሌላው አያስበልጥህም፤ ስለዚህም በሰው ላይ አታንሣው ይለዋል። ሬይገን ይህን ሲናገር ልጁ እውነተኛ ኃይል እንዳለው እንኳ አላመነም ነበር። አሥራ ስድስቱ ቅጽ በሙሉ ይህ ምክር በየጊዜው በተለያየ ሰው ሲፈተን የሚያሳዩ ናቸው ብል አላጋነንኩም።

አኒሜውን ቦንዝ የተባለው ስቱዲዮ በሦስት ሲዝን ሠርቶ ጨርሶታል፦ በ2016 12 ክፍል፣ በ2019 13 ክፍል፣ በ2022 ደግሞ 12 ክፍል፤ በድምሩ 37። የእኔ ምክር ግን ከማንጋው ጀምሩ ነው።

ጉለሌ

ወንድሜ ጥቁር ቀለም፣ ጽሑፍዎን አንብቤ ወዲያው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከፈትኩት። በቅንነት ልናገር፦ ሥዕሉ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ተማሪ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደብተሩ ጠርዝ ላይ የሚሞነጫጭረውን ይመስላል። የሰዎቹ እጅ ጓንት የለበሰ ነው የሚመስለው፤ ፊታቸው ከአንዱ የሥዕል ሣጥን ወደ ሌላው ሲሻገር ይለዋወጣል። ዲሞን ስሌየር ከተባለው ማንጋ ገጾች የመጣ ሰው ይህን እንዴት ብሎ 16 ቅጽ ይዘልቃል? አኒሜው እንዲህ ካልሆነ ለምን በእሱ አልጀምርም? ደግሞ ሥራው ሽልማት ወሰደ ሲሉ ሰዎቹ ሥዕሉን አይተውት ነው ወይ ብዬ መጠየቄ አልቀረም።

ዘጠናዘጠኝ

ጉለሌ ያነሡት ቅሬታ የብዙ ሰው ነው፤ እኔም በዚያ አልፌያለሁ። ከጥቁር ቀለም ጋር የማልስማማውም እዚህ ላይ ነው፤ ለአዲስ ሰው አኒሜው የተሻለ በር ነው።

ዳይሬክተሩ ዩዙሩ ታቺካዋ፣ የገጸ ባሕርያቱን ቅርጽ ለአኒሜ ያዘጋጀው ደግሞ ዮሺሚቺ ካሜዳ ነው። ሁለቱ ሊሠሩት የሚችሉት ቀላል ነገር የዋንን መስመር ማቃናት፣ ፊቱን ማሳመር፣ ጓንቱን እጅ ማድረግ ነበር። አላደረጉትም። ልጆቹ በአኒሜውም ውስጥ ክብ ራስና ቀጭን እግር እንዳላቸው ናቸው፤ ነገር ግን መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ያ ቀላል ቅርጽ እንደ ጎማ ይሳባል፣ ይጠመዘዛል፣ ይቀልጣል፤ ብዙ ዝርዝር የተጫነበት ሥዕል ቢሆን ይህን ሁሉ ማድረግ አይቻልም ነበር። መስመሩ በፍልሚያ መሃል ወፍራም የብሩሽ ቀለም ይሆናል፤ አንዳንዴ የእርሳስ ንድፍ ብቻ ይቀራል። በተለይ ሚዮ ሳቶ በመስታወት ላይ በቀለም እየሣለች፣ እየጠረገችና መልሳ እየሣለች የሠራቻቸውን ቅንብሮች ተመልከቱ፤ የመጀመሪያው ሲዝን መዝጊያ ሙሉ በሙሉ በዚህ ዘዴ የተሠራ ነው። የመንፈስ ነገር ሲሆን ቀለሙ ራሱ የሚሸሽና የሚመለስ ስለሚመስል ዘዴውና ጉዳዩ ተገናኝተዋል።

ሙዚቃው የኬንጂ ካዋይ ነው። የተከታታይ ድርሰቱን ያዋቀረው ሂሮሺ ሴኮ በኋላ የጁጁትሱ ካይሰንንም አኒሜ በዚሁ ኃላፊነት የሠራ ሰው ስለሆነ፣ ከዚያ ወገን ለምትመጡ አካሄዱ አይከብዳችሁም። የመክፈቻ ዘፈኖቹን ርእስ ደግሞ ልብ በሉ፦ የመጀመሪያው ሲዝን «99»፣ የሁለተኛው «99.9»፣ የሦስተኛው «1»። ሦስተኛው ለምን 100 እንዳልሆነ ሥራውን የጨረሰ ሰው ያውቃል፤ እኔም የመድረክ ስሜን ከዚያ ነው የወሰድኩት።

ለፍልሚያ ብቻ የመጣ ሰው የሁለተኛውን ሲዝን አምስተኛ ክፍል ይጠብቅ። ሞጋሚ ኬይጂ የሚባል ሙት መንፈስ አለ፤ በሕይወት ሳለ ኃይሉን ለገንዘብ ሲል በሰው ላይ ያነሣ፣ ምክንያቱ ግን የታመመች እናቱ የነበረች ሰው። ሞብ ምክሩን ባይሰማ ኖሮ ሊሆን ይችል የነበረው እሱ ነው። የዚያ ክፍል ሁለተኛ አጋማሽ እስካሁን ካየኋቸው የአኒሜ ፍልሚያዎች ሁሉ በላይ ነው ብዬ በድፍረት እጽፋለሁ፤ የሚቃወም ይጻፍ።

ጥቁር ቀለም

ስለ አኒሜው የተባለውን አልቃወምም፤ ስለ ቅደም ተከተሉ ግን በአቋሜ እጸናለሁ።

«ዋን ፓንች ማን» መጀመሪያ ዋን ራሱ በ2009 በድረ ገጽ የጀመረው ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ዩሱኬ ሙራታ ከ2012 ጀምሮ እንደገና የሣለውን ነው። ሙራታ ድንቅ እጅ ያለው ሠዓሊ ነው፤ በእሱ ገጽ ላይ ግን የምናደንቀው በአብዛኛው ግርማውን ነው። «ሞብ ሳይኮ»ን ዋን ለሌላ አሳልፎ አልሰጠውም። በራሱ፣ በዚያው በሚንቀጠቀጥ መስመር ጨረሰው። ስለዚህ የዚህን ሰው የአተራረክ ስልት ያለ አስተርጓሚ ማየት የሚሻ አንባቢ ያለው አማራጭ ይህ ማንጋ ነው።

ስልቱ ምን እንደሆነ ልግለጽ። ዋን ሣጥኖቹን የሚደረድረው ቀልድ እንደሚያወራ ሰው ነው፤ የት ዝም እንደሚል ያውቃል። ሞብ አንድ አስፈሪ ነገር አይቶ ፊቱ ሳይለወጥ የሚቆምበት ባዶ ሣጥን አለ፤ በማንጋው ላይ እዚያ ሣጥን ላይ የፈለጉትን ያህል ይቆያሉ፤ በአኒሜ ግን የቆይታውን ልክ የወሰነላችሁ ሌላ ሰው ነው። ደግሞም ሥዕሉ የጨዋ ልጅ ደብተር ስለሚመስል አንባቢ ይዘናጋል፤ ይህ ተዘናግቶ የሚስቅ አንባቢ ነው መቶኛው 90 ሲያልፍ ሳያስበው የሚያዘው። ጉለሌ፣ እባክዎን ሦስት ምዕራፍ ብቻ ይታገሡ። ካልሆነ የዘጠናዘጠኝን መንገድ ይከተሉ፤ አልቀየምም።

የሁለት ልጆች እናት

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ማንጋ አላነብም፤ የ12 ዓመት ልጄ ግን ይህን ሥራ ማየት ፈልጎ ፈቃድ ስለጠየቀኝ ነው ይህን ገጽ ያገኘሁት። መንፈስ መጥራት፣ መንፈስ ማስወጣት፣ «መካሪ» የሚባል አጭበርባሪ... በቤታችን እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ጨዋታ አናየውም። ዕድሜውን ያገናዘበና ሳይሸፋፍን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል።

የደብር ልጅ

እትዬ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ስለሆነ በዝርዝር ልመልስልዎ።

በመጀመሪያ፣ ሥራው መንፈስ እንዴት እንደሚጠራ አያስተምርም፤ ወደ ጥንቆላም አይጋብዝም። መናፍስቱ አብዛኞቹ ሳይፈጽሙት የቀረ ነገር ይዟቸው የቀሩ ሙታን ናቸው፤ አንዳንዶቹ ክፉ፣ አንዳንዶቹ የሚያሳዝኑ። ሬይገን የሚረጨው ጨው በጃፓን ልማድ የማንጻት ምልክት ነው፤ ቀልዱ እሱ የሚረጨው ከምግብ ጠረጴዛ ላይ የተነሣ ተራ ጨው መሆኑ ላይ ነው። ጠበልና የላስቲክ ውኃ ለሚለይ ሰው ቀልዱ ማብራሪያ አያሻውም። እንዲያውም ከመጀመሪያዎቹ ታሪኮች አንዱ ሰዎችን ጭንብል እያለበሰ በግድ የሚያስቅ አንድ ሐሰተኛ የሃይማኖት ቡድን ላይ የሚያሾፍ ነው፤ በመጨረሻው ሲዝንም ሕዝብ በጅምላ አንድን ነገር ማምለክ ሲጀምር ምን እንደሚሆን ያሳያል። ልጅዎ ከዚህ የሚማረው ነገር ቢኖር ጮክ ብሎ ተአምር የሚያውጅን ሰው መጠራጠር ነው።

የዕድሜው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሲዝን ለ12 ዓመት ልጅ የሚከብድ አይመስለኝም። ዘጠናዘጠኝ የጠቀሱት የሞጋሚ ታሪክ ግን አንድ ልጅ ለረጅም ጊዜ በክፍል ጓደኞቹ ሲገፋና ሲዋረድ ስለሚያሳይ እኔ ራሴ በትልቅነቴ ከብዶኛል። ያንን አብረውት ቢያዩት መልካም ነው። ደም የመርጨት ፍቅር የለበትም፤ ሰውነት የሚገነቡት ተማሪዎች ግን ደረታቸውን ገልጠው መታየት ይወዳሉ።

አወያይ

ስለ ሦስተኛው ሲዝን ፍጻሜ በዝርዝር የጻፈው ተሳታፊ መልእክት ተነሥቷል። የውይይቱ ከፋች ከመጀመሪያው «ቋጠሮ አልፈታም» ብለዋል፤ እባካችሁ አክብሩት።

ነፋስ ስልክ

ስለ ሬይገን እስካሁን የተጻፈው በጣም የዋህ ሆኖብኛል። ሰውዬው ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በሰዓት 300 የን እያሠራ፣ ስሙንና ገንዘቡን ለራሱ የሚወስድ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ጓደኛ የሚያፈራበትን ሰዓት በስልክ ጥሪ ይበላበታል። በዕውን ዓለም እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤቴ ቢሆን ለልጁ ወላጆች እነግራለሁ። ታዲያ ለምንድን ነው ሁሉም ተመልካች የሚወደው? ድምፁን የሚሰጠው ታካሂሮ ሳኩራይ ደስ ስለሚል ብቻ ነው የሚል ጥርጣሬ አለኝ።

ዘጠናዘጠኝ

ነፋስ ስልክ ያነሡት ክስ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ሥራው ራሱም ይከሰዋል፤ በደንብ የሚመልሰውም ለዚህ ይመስለኛል። በሁለተኛው ሲዝን ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍሎች ሞብ አንድ ቀን ይህንኑ እርስዎ ያሉትን ፊት ለፊት ይነግረዋል፤ ከሰው ጋር የምሆንበትን ጊዜ እየወሰድክብኝ ነው ዓይነት ነገር። ሬይገን በብስጭት የማይባል ነገር ይናገራል፤ ልጁም ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ብቻውን በመጠጥ ቤትና በቢሮው ሲውል፣ ዝናው ሲጨምር፣ ወደ ቴሌቪዥን ሲወጣ፣ በመጨረሻም በጋዜጠኞች ተከቦ ሲፋጠጥ እናያለን። አንድም ቡጢ አይሰነዘርም፤ ሆኖም ከፍልሚያዎቹ ይልቅ እነዚህን ሁለት ክፍሎች ደጋግሜ ያየሁ ይመስለኛል። የማንጋው ደራሲ አንድን ውሸታም ሳያጸድቀው እንዴት እንድንራራለት እንዳደረገ እዚያ ታያላችሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ የሬይገን ሥራ ሁሉ ማጭበርበር ነው ለማለት ያስቸግራል። ትከሻዬ ላይ መንፈስ ተቀምጧል የሚል ደንበኛ ሲመጣ ሬይገን የሚያደርገው ትከሻውን እንደ ጥሩ ወጌሻ ማሸት ነው፤ ደንበኛው ቀሎት ይሄዳል። መንፈስ ገባበት የተባለ ፎቶግራፍ ሲመጣለት በኮምፒዩተር አጥፍቶ ይመልሳል። ሰዎቹ የሚከፍሉት በአብዛኛው የሚሰማቸው ሰው ስላገኙ ነው። ይህ ይቅር ያስብለዋል አልልም፤ ከተራ ሌባ ግን ይለየዋል።

የቤርሳቤህ ልጅ

እኔ የምጽፈው ከእስራኤል ነው። በእንግሊዝኛ የታተመውን ዳርክ ሆርስ የተባለው አሳታሚ ከ2018 ጀምሮ ስላወጣው፣ ከታናሽ እኅቴ ጋር እየተቀባበልን አነበብነው። እዚህ ያደግን ልጆች በዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ስለለመድን የማንጋ ገጽ አላደናገረንም፤ እናቴ ግን ከኋላ መጽሐፉን ገልብጣ «ይህ ልጅ መጀመሪያ ተጣልቶ ኋላ ነው እንዴ የሚተዋወቀው?» ብላ አሣቀችን።

ስለ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ እስካሁን ማንም ስላልነካው። ሞብ በትምህርት ቤት የሚቀላቀለው የትኛውን ክበብ ነው? የቴሌፓቲ (ሐሳብን ያለ ንግግር የማስተላለፍ) ክበብ አባል አጥሮት ሊዘጋ ሲል ይለምኑታል፤ ለእሱ የተፈጠረ ክበብ ነው። እሱ ግን ትቷቸው ሰውነት ማጎልመሻ ክበብ ይገባል። ምክንያቱ ጹቦሚ የምትባለውን ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚወድና የእሱ ኃይል እሷን እንደማያስደንቃት ስለገባው ነው። በመጀመሪያው ሩጫ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ጡንቻቸው የበር ያህል የሆነ የክበቡ ልጆች አይስቁበትም፤ ተሸክመው ይመልሱታል። በብዙ ታሪኮች ግዙፍ ተማሪ ማለት ጉልበተኛ ማለት ስለሆነ፣ እነዚህ ደግ ግዙፎች ልቤን ወሰዱት። በሁለተኛው ሲዝን የትምህርት ቤቱ የረጅም ርቀት ሩጫ ይመጣል፤ ሞብ ኃይሉን ተጠቅሞ መብረር የሚችል ልጅ ሆኖ ሳለ በገዛ እግሩ ይሮጣል፤ ከፊት ሆኖም አይጨርስም። አባቴ ሩጫ ሲያይ ቁጭ ብድግ የሚል ሰው ነው፤ ያን ክፍል ከጎኔ ቆሞ አይቶ «አሠልጣኝ ቢያገኝ ይሻሻላል» አለ።

የደብር ልጅ

የቤርሳቤህ ልጅ ያነሡት ነገር ከሞብ ወንድም ጋር አያይዞ ሲታይ ይበልጥ ይጎላል። ሪትሱ ጎበዝ ተማሪ፣ መልከ መልካም፣ በሰው የተወደደ ነው፤ ሞብ የሚመኘው ሁሉ አለው። እሱ ደግሞ የሚመኘው የሞብን ኃይል ነው። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ የሌላውን እየተመኘ ማደጋቸው፣ ማንኪያ በእጅ ሳይነካ በሚታጠፍበት የእራት ጠረጴዛ ላይ እንደ ዋዛ ይታያል። ሃናዛዋ ቴሩኪ የሚባለው ባለ ኃይል ተማሪ ሲመጣ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ እናያለን፤ ኃይሉን የማንነቱ ሁሉ መሠረት ያደረገ ልጅ ከእሱ የሚበልጥ፣ በዚያ ላይ መጣላት የማይፈልግ ሰው ሲያጋጥመው ምን ይቀረዋል? ያ ፍልሚያ በመጀመሪያው ሲዝን አራተኛና አምስተኛ ክፍል ላይ አለ። ለጉለሌ የምመክረውም እስከዚያ ድረስ ሳይፈርዱ እንዲቆዩ ነው።

በነገራችን ላይ የሚኖሩበት ከተማ ስሙ ከቅመማ ቅመም የተወሰደ ነው፤ የሞብ ትምህርት ቤት «ጨው»፣ የቴሩኪው ደግሞ «ጥቁር ኮምጣጤ» ይባላል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ነፋስ ስልክ

ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ክፍል ትናንት ማታ ደግሜ አየሁ። ክሴን አላነሣም፤ ቅጣቱን ግን ቀንሻለሁ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ በ2018 የወጣው በእውነተኛ ተዋንያን የተሠራው ተከታታይ፣ እንዲሁም በሬይገን ስም የወጣው አንድ ቅጽ ማንጋ ይታያሉ ይነበባሉ ወይ? ሦስተኛው ሲዝንስ ዳይሬክተር ተቀይሯል ሲባል ሰምቼ ፈራሁ።

ጥቁር ቀለም

በአጭሩ፦ ባለ ተዋንያኑ ይቅርብዎ፤ የዋን መስመር ቀልድ በሰው ፊት ላይ ሲሠራ ይደርቃል። «ሬይገን» የተሰኘውን ቅጽ ዋናውን ሥራ ጨርሰው ያንብቡት፤ ቶሜ የተባለችው የቴሌፓቲ ክበብ ልጅ በቢሮው ስትሠራ ያሳያል፤ ቀላልና አስደሳች ነው። ሦስተኛውን ሲዝን ታካሂሮ ሃሱይ ነው የመራው፤ ታቺካዋ ግን ዋና ዳይሬክተር ሆኖ በላዩ ላይ ስለነበረ ስፌቱ አይታይም። እንዲያውም ስለ ዲምፕል፣ ስለዚያ አረንጓዴ ጭስ የሚመስል ተንኮለኛ መንፈስ፣ እስካሁን አለመጻፋችን አስገርሞኛል። መጀመሪያ አምላክ መሆን ፈልጎ የመጣ፣ ተሸንፎ ከሞብ ትከሻ ላይ የቀረ ፍጡር ነው፤ የአኪዮ ኦትሱካ ወፍራም ድምፅ በዚያ ትንሽ አካል ላይ መጫኑ ብቻውን ያስቃል። በሦስተኛው ሲዝን የእሱ ታሪክ ወዴት እንደሚሄድ አልናገርም፤ አወያዩ እያዩኝ ነው።

የሁለት ልጆች እናት

የደብር ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከልጄ ጋር አራት ክፍል አየን። የሳቁን ቡድን ክፍል ሲያይ ልጄ «ለምን አይሄዱም?» ብሎ ጠየቀኝና ለግማሽ ሰዓት ያህል ተነጋገርን። የሞጋሚን ስንደርስ አብሬው እቀመጣለሁ።

ጉለሌ

ተመለስኩ። ሦስት ምዕራፍ ታገሡ ተብዬ ሁለት ቅጽ አንብቤያለሁ። እጆቹ አሁንም ጓንት ናቸው፤ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን በሁለተኛው ቅጽ መቶኛው ሲወጣ ገጹን በመዳፌ ሸፍኜ፣ ቀስ እያልኩ ዝቅ እያደረግኩ ማንበቤን ሳስተውለው በራሴ ሣቅኩ። አኒሜውንም ጀምሬያለሁ፤ የጥቁር ቀለምንና የዘጠናዘጠኝን ሙግት ለመፍታት አንድ ምዕራፍ አነብና ያንኑ በአኒሜ አያለሁ፤ ጊዜ ይፈጃል፤ ግን አልቸኮልኩም።

ቅሬታ ግን አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ከጎኔ ተቀምጦ ያይ ነበር። ዛሬ ጠዋት እናታችን ለወጥ ጨው ፈልጋ ዕቃው ባዶ ሆኖ አገኘችው፤ ልጁ ሌሊቱን በመኝታ ቤታችን በር ዙሪያ ረጭቶት ነበር። ሂሳቡን የምልከው ለማን ነው?